የሞዴል ቤት መርፌ

ሀጂ ሷሊህ መርፌውን ሆዳቸው ላይ እንደሰኩ ነበር የግቢው በር የተንኳኳው። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፈው፣ በጣቃ ጨርቅና በባዶ ካርቶን መካከል፣ የሸሚዛቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ቆመዋል። የጋምቤላ ሙቀት ገና በማለዳው ቆርቆሮውን ማጋል ጀምሯል። እግራቸው ሥር እርጥብ አሸዋ የሞላበት ገንዳ አለ፤ አሸዋው ውስጥ አንገቷ ድረስ የተቀበረች ማሰሮ አለች፤ ማሰሮዋ ውስጥ ሙቀት እንዳያበላሸው ያስቀመጡት ኢንሱሊናቸው አለ። የዚህችን ማሰሮ ነገር የሚያውቁት አላህ፣ ሀኪሙና እሳቸው ብቻ ናቸው ብለው ያምናሉ። መርፌውን ነቀሉና እንደ ወትሮው ከትናንት ባስቀሩት የሙዝ ልጣጭ ሊጠቀልሉት ሲሉ ከውጭ የሰሙት ድምፅ እጃቸውን ያዘው።

«ሀያቱ! መርፌ ወጋኝ። ትናንት። ከናንተ ጆንያ ውስጥ።»

የኛሬአት ድምፅ ነው። ኛሬአት በማህበር ተደራጅተው የሰፈሩን ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ሴቶች አንዷ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጋሪዋን እየገፋች የምትመጣ። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ የማያስፈልግ ቃል አትጨምርበትም። ሀጂ ሷሊህ ዓይናቸውን የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ለጠፉ። ባለቤታቸው ሀያቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ኛሬአት የቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አውራ ጣቷን ታሳያለች፤ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

«ከኛ? እንዴት ተደርጎ? የኛ ቤት እኮ ሞዴል ነው!» አለች ሀያቱ፣ በሩ ላይ ወደተለጠፈው አረንጓዴ ወረቀት እያመለከተች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እጄን ያስገባሁት። የሌላውን ሰው ጆንያ በእንጨት ነው የምበትነው። የናንተን በእጄ። ልጣጭ ብቻ ነው ብዬ። መርፌው ሙዝ ውስጥ ነበር። ተጠቅልሎ።»

እውነቷን ነው። ከሁለት ወር በፊት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ እየጮኸች በሰፈሩ ስትዞር የከረመችበት ጉዳይ ነበር፤ ቆሻሻን ከቤት መለየት። የሚበሰብሰው በአረንጓዴ ጆንያ፣ የማይበሰብሰው በነጭ። ሀያቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ «ምስር ሲለቀም አውቃለሁ፤ ቆሻሻ ሲለቀም ግን ሰምቼም አላውቅ» አለች። ልጃቸው ሳሚያ ግን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር በጎ ፈቃደኛ ሆና ስለነበር ነገሩን ከቤቷ ጀመረች፤ በሳምንቱ እናትየው ከልጅቱ ብሳ ቁጭ። አሁን ሀያቱ ቤት በእንግድነት የመጣ ሰው የሎሚ ቅርፊት በእጁ ይዞ ወዴት እንደሚጥል ግራ ሲገባው ይታያል፤ ባለፈው እህቷ ዘሃራ የከረሜላ ወረቀት አረንጓዴው ውስጥ ጥላ በእንግዳ ፊት ተነስታ እንድታወጣ ተደርጋለች። በመጨረሻ ቀበሌው መጥቶ አየና ወረቀቱን ለጠፈላቸው። ያን ቀን የጤና ባለሙያዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሦስተኛ ነገር ጨምራ ነበር፤ መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ለብቻው መቀመጥ አለበት። «እዚህ ቤት መርፌ የሚጠቀም ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ ከሁሉ ቀድመው የመለሱት ሀጂ ሷሊህ ናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ጤነኞች ነን።»

ውጭ ሀያቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን በቆርቆሮ ቤት የበለጠ ይሰማል። «ያቺ ናት። ፋርማሲ አይደል የምትሠራው? ሌላ ማን አለ?» ወዲያው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ዞራ ተጣራች። ቤርሳቤ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ወጣች። የሜጢ ከተማ ልጅ ናት፤ ክፍሏን ከተከራየች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከዚህ ሌላ ስለ እሷ የሚወራ የለም።

«መርፌ ጆንያው ውስጥ የጣልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

ቤርሳቤ ወደ ዕቃ ቤቱ በኩል አየት አደረገች፤ ወይም ለሀጂ ሷሊህ እንደዚያ መሰላቸው። አልመለሰችም። ሀያቱ ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ቃል ወሰደችው፤ «ሰውን ለሞት የሚዳርግ ነገር ከልጣጭ ጋር እየጣልሽ ከኛ ጋር መኖር አትችዪም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ክፍል ፈልጊ» አለቻት። ቤርሳቤ ብሩሿን ጨበጥ አድርጋ ቆማ፣ «እሺ» ብላ ገባች። ኛሬአት ግን ማን ከቤት ወጣ ማን ገባ ብላ አልመጣችም።

«ከትናንት ጀምሮ ልጄን አላጠባሁም» አለች። «ፈራሁ። አሁን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። መርፌው የማን ነው ይሉኛል። ምን ልበል?»

ሀጂ ሷሊህ ሸሚዛቸውን ከጥርሳቸው ለቀቁ። መውጣት የነበረባቸው ያኔ ነው። እጃቸው የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ሁሉ ደርሶ ነበር። ግን ወንድማቸው ሙአዝ ትዝ አላቸው። ሙአዝ ስኳር አለብህ ከተባለ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይይዘው ጀመር፤ ሰርግ ሲጠራ ፊቱ የሚቀርበው ጎመን ብቻ ሆነ፤ ልጆቹ ሱቁን «እኛ እንያዝልህ» ብለው ወሰዱና በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ሀጂ ሷሊህ ይህን ሁሉ ቆመው አይተዋል። ስለዚህ ሰባት ወር ሙሉ ከሀኪም ቤት የወጡ ዕለት የማሉትን ጠብቀዋል፤ ማንም አይሰማም። ጋሪዋ እየተንኳኳ ከሰፈሩ ስትርቅ ሰሟት፤ መርፌውን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በሩን በቀስታ ከፈቱ።

ቁርስ ቀረበ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያው ክንፍ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ክንፍ ስለተጣመመ በየዙሩ ቋ ይላል። ሀያቱ ለባለቤቷ ሻይ ቀዳች፣ እንደ ወትሮው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች። እሳቸውም እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ፉት አሉና ቀሪውን እሷ ዞር ስትል አበባው ሥር አፈሰሱት። ያ አበባ በሰባት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርቆ ሁለት ጊዜ ተተክቷል። ከዚያ ሙዝ ላጡ። መርፌው ከገባ በኋላ የሆነ ነገር ካልቀመሱ ላብ ላብ ይላቸዋል፤ ሙዝ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ፍሬ ነው። ሳሚያ ከዳቦዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቤርሳቤ አይደለችም» አለች ድንገት።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?» አለች እናቷ።

«የዚህን ቤት ቆሻሻ የምለየው እኔ አይደለሁም? የቤርሳቤ ለብቻው በትንሽ ፌስታል ነው። ደግሞ ሙዝ አትበላም፤ አፏን ያሳክካታል።»

ማራገቢያው ቋ አለ። ሀያቱ ዳቦውን ቆረሰች። ሀጂ ሷሊህ ልጣጩን በእጃቸው እንደያዙ አረንጓዴው ጆንያ ጋ ሄደው ጣሉት፤ ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉና «ሱቅ ረፈደብኝ» ብለው ወጡ። ሱቃቸው ከተከፈተ ጀምሮ ረፍዶባቸው አያውቅም።

ከአስፋልቱ ዳር ቤርሳቤ ባጃጅ ትጠብቃለች። ሀጂ ሷሊህ ባጃጅ አስቆሙና ግቢ አሏት። ሾፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶታል፤ የባጃጁ ጣሪያ ይርገበገባል። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን ኩሬ በኩሬ አድርጎታል፤ ሾፌሩ በየኩሬው ሲያልፍ ጭቃ ይረጫል፣ ሴቶች ዓሣ ከደረደሩበት ፕላስቲክ ኋላ እየተነሱ ይሰድቡታል፣ እሱም በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ገበያው ጋ ደረሱ።

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ሀያቱ ያለችሽን ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ ሀጂ። ዕቃ ቤት ነበሩ።»

ሀጂ ሷሊህ ዞር ብለው አዩዋት። ቤርሳቤ ፊት ለፊቷን ነው የምታየው።

«ከድልድዩ ማዶ ያለው ፋርማሲ መድኃኒት ሲያልቅበት ከኛ ነው የሚወስደው» አለች። «ማዘዣው ላይ ስምዎን አይቻለሁ። ከርሟል።»

ሀጂ ሷሊህ በሰባት ወር ውስጥ ባሮን ስንት ጊዜ እንደተሻገሩ አሰቡ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ድልድይ፣ ሰፈር ያለውን ፋርማሲ በሩቁ እየሸሹ። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣባቸው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ከቤት እየወጣሽ?»

«የታማሚ ምስጢር አይወጣም። የሠለጠንኩት እንደዚያ ነው» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ጨመረች፤ «ግን ሀጂ፣ እኔ ክፍል አገኛለሁ። ኛሬአት ናት የምታሳዝነኝ። ያ መርፌ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ከባድ መድኃኒት ጀምረው ለሳምንታት ያቆዩዋታል። ልጇም ገና ትንሽ ነው።»

ባጃጁ ፋርማሲው በር ላይ ቆመ። ቤርሳቤ ወረደች፤ «መልካም ቀን» አለቻቸው፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ፣ «ሱቅ ነው አይደል ሀጂ?» አለ። ሀጂ ሷሊህ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ በጨርቅ የተጠቀለለው ነገር አለ። «ሱቁን ተወው» አሉት። «ጤና ጣቢያ።»

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ኛሬአት ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ጭኗ ላይ ነው፤ በማንኪያ ውኃ ልትሰጠው ትሞክራለች፣ እሱ ፊቱን እያዞረ ደረቷን ይፈልጋል፣ ያለቅሳል። ዕንባው አልቆ ድምፁ ብቻ ቀርቷል። ሀጂ ሷሊህ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከእሷ ጋር እስከዛሬ ያወሩት በር ላይ ቆመው ነው፤ «ዛሬ ከበደሽ?» «ደህና ነው» ከማለት አልፎ አያውቅም። ስለ ሌሊቱ ዝናብ አነሱ። ጥሩ ዝናብ ነው አለች። ጋሪውን ማን እየገፋ ነው አሉ። እህቴ አለች። ሀጂ ሷሊህ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ኛሬአት፣ መርፌው የኔ ነው።»

ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አንተ? ሀጂ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሽታህ ምንድነው?»

«ስኳር።»

«ስኳር ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ሌላስ?»

ሀጂ ሷሊህ «ሌላማ የለብኝም» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ግን በጤና ባለሙያዋ ፊት ያሉት «ሁላችንም ጤነኞች ነን» ጆሯቸው ላይ ጮኸባቸው። «ሌላውን እንጃ» አሉ። «ተመርምሬ አላውቅም። አሁን እመረመራለሁ።»

ነርሷ ሳሚያን የምታክል ልጅ ናት። ነገሩን ስትሰማ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «በሙዝ ልጣጭ? ማን ነው ያስተማረዎት?» አለቻቸው። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። የሁለቱንም ደም ወሰደችና ውጭ ጠብቁ አለቻቸው። ሃያ ደቂቃ ነው አለች። ያ ሃያ ደቂቃ ለሀጂ ሷሊህ ከሰባቱ ወር ይልቅ ረዘመባቸው። ምንም የለብኝም ብለው ሲኖሩ ቆይተው፣ አሁን እያንዳንዱ ነገር ትዝ ይላቸው ጀመር፤ ኢታንግ ገበያ ላይ ጥርሳቸውን የነቀለው ሰው፣ ምላጭ የማይቀይረው ፀጉር አስተካካይ፣ ድሮ ሠፈራ ጣቢያ እያሉ በአንድ መርፌ ተሰልፈው የተወጉት ክትባት። አንድ ነገር ቢገኝባቸው እሳቸው ምን ይሆናሉ ከማለት ይልቅ፣ ይህ ደረት የሚፈልግ ልጅ ምን ይሆናል የሚለው ጨነቃቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። ኛሬአት ልጁን በጀርባዋ አዝላ ከዛፉ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ዛፉ ትመላለሳለች።

ነርሷ በሩ ላይ ብቅ ብላ ሁለቱንም ጠራቻቸው። «ሀጂ ደህና ናቸው» አለቻት ኛሬአትን፣ ገና ሳይቀመጡ። «ኤች አይ ቪም፣ የጉበት ቫይረስም የለባቸውም። አንቺም ደህና ነሽ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለማረጋገጥ ትመለሻለሽ፤ አሁን ግን ልጅሽን አጥቢ።»

ኛሬአት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው፤ ክፍሉ ውስጥ የልጁ የመዋጥ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሀጂ ሷሊህ መውጣት እንዳለባቸው ገብቷቸው ውጭ ቆዩ። ስትወጣ «ይቅር በይኝ» አሏት። እንድታመሰግናቸው አልጠበቁም፤ እሷም አላመሰገነቻቸውም።

«የዘይት ጀሪካን» አለቻቸው። «ወፍራም። ክዳን ያለው። ሲሞላ እዚህ አምጣው፤ እነሱ ሴፍቲ ቦክስ አላቸው።» ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «የናንተን ጆንያ ከዛሬ ጀምሮ በእንጨት ነው የምበትነው።»

«ይገባኛል» አሉ ሀጂ ሷሊህ። ገብቷቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሰሙት ሁሉ እንደዚህ የከበዳቸው ቃል ግን አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ገቡ፤ ሱቁ ሳይከፈት መዋሉን ሀያቱ ከሰው ሰምታ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። እጇን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዷትና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከገንዳው አሸዋውን ዛቅ ዛቅ አድርገው ማሰሮዋን አወጡ፤ ከማሰሮዋ ብልቃጧን አወጡ። «ስኳር አለብኝ» አሉ። «ሰባት ወር ሆኖኛል። ኛሬአትን የወጋት የኔ መርፌ ነው። ተመርምረናል፣ ሁለታችንም ደህና ነን። ያቺ ልጅ ምንም አላደረገች።»

ሀያቱ ብልቃጧን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት። መለሰችላቸው። ጣቃ ላይ ቁጭ አለች።

«ስኳር ብቻ ነው?»

«ስኳር ብቻ ነው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ። ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?»

«ዕቃ ቤት ትቆልፋለህ። ትከሳለህ። አልኮል አልኮል ትሸታለህ፣ ሽቶ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም። በየሳምንቱ ከድልድዩ ማዶ ጉዳይ አለኝ ትላለህ» አለች ሀያቱ። «ሌላ አግብተሃል ብዬ ነበር። ለዘሃራ እንኳ ነግሬያታለሁ። ዘሃራ ማን እንደሆነች ሁሉ ስታጣራ ነው የከረመችው።»

ሀጂ ሷሊህ አፋቸው ተከፈተ። ለሰባት ወር እሳቸው ዘበኛ የሆኑበትን ምስጢር፣ ሚስታቸው ሌላ ምስጢር አድርጋ ስታብሰለስለው ኖራለች፤ አንድ ትራስ ላይ። ሀያቱ ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ጣቃውን አነቃነቀው። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። ለቅሶዋን ሳትጨርስ ደግሞ ተቆጣች፤ «ሦስት ማንኪያ! በየቀኑ በገዛ እጄ ሦስት ማንኪያ ስጨምርልህ!» ሻዩ የት ይሄድ እንደነበር ሲነግሯት የአበባዎቹን ዕጣ ሰምታ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ድንገት ቀጥ ብላ ተነሳች። «ያቺን ልጅ ምን ብዬያት ነው!»

ቤርሳቤ ከሥራ ስትመለስ ሀያቱ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። በሕይወቷ ተከራይን ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም፤ በየት በኩል እንደሚጀመርም አታውቅም። ልጅቱ ቁልፏን ስታወጣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጣሪያው ያፈሳል ብለሽ አልነበረም?»

«ያፈሳል። ሦስት ወር ሆነው።»

«ነገ አናጢ ይመጣል።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ለምን ይደክማሉ እትዬ?»

«ለሚቀጥለው ዝናብ ነው» አለች ሀያቱ። «ለክረምቱ። ለ… የምትቆዪበትን ያህል።»

«እማ፣ ይቅርታ በያት!» አለች ሳሚያ ከወጥ ቤት።

«እያልኩ ነው!» ብላ ጮኸች ሀያቱ። ቤርሳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ በሯን ከፍታ «ይግቡ፣ የሚያፈሰውን ላሳይዎት» አለቻት። ሀያቱም ገባችና ብዙ ቆየች።

ፀሐይዋ ጋብ ስትል ሳሚያ ባዶ የዘይት ጀሪካን አጥባ፣ አድርቃ፣ በማርከር «መርፌ ብቻ» ብላ ጽፋበት በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። ከጠዋት ጀምሮ በአባቷ ኪስ የዞረው መርፌ መጀመሪያ ገባበት። ሀጂ ሷሊህ ወንበራቸውን አውጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። በቆርቆሮ አጥር ብቻ በተከፋፈለ ሰፈር ውስጥ ከምሳ ሰዓት ወዲህ ያልሰማ ጎረቤት እንደሌለ ያውቃሉ፤ ፌዙን ለመቀበል ተዘጋጅተው ነበር። መጀመሪያ የመጣው ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው አሸብር ነው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁ ከመኪናው የማያንስ፣ ዱላ ቢወድቅበት የማይነቃነቅ የሚመስል ግዙፍ ሰው። ቆመ። ባሮ ሞልቷል አለ። ሞልቷል አሉት። ቲማቲም እንደገና ጨመረ አለ። ጨመረ አሉ። ስለ ልጆች ተጠያየቁ፣ ሁሉም ደህና ነው። አሸብር አልሄደም። አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ በረንዳው ያያል።

«ያ ጀሪካን ስንት ሊትር ይይዛል?» አለ በመጨረሻ።

«ሦስት።»

አሸብር ወደ ኋላው ዞር ብሎ ማንም አለመኖሩን አየ። ከሱሪው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር አወጣ። ያ ትልቅ ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ።

«ለአንድ ሰው አይበዛም?»

ሀጂ ሷሊህ ከወንበራቸው ተነሱና ክዳኑን ከፈቱለት።